ዝምታ ላይ ሲጨመር

አንድ የቆየ ሥራ «ተስፋፍቶ» ዳግም ታተመ ሲባል በመጀመሪያ የሚሰማን ደስታ ነው። አሳታሚው ከመጋዘኑ፣ ደራሲው ከመሳቢያው፣ ሙዚቀኛው ከአሮጌ ካሴቱ ያወጣውን ይዞ ሲመጣ እጅ ዘርግቶ የማይቀበል ወዳጅ የለም። ደስታው ጋብ ሲል ግን ጥያቄ ይከተላል። ሥራው መጀመሪያ በወጣበት ጊዜ ሙሉ ከነበረ፣ ዛሬ የተጨመረበት ምን ሊያደርግለት ነው? ጎደሎ ከነበረስ፣ ይህን ሁሉ ዘመን ስንወደው የኖርነው ምኑን ነው?

ጥያቄው ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ እንግዳ አይደለም። የገጣሚ ረቂቅ፣ የደራሲ የተሰረዘ ምዕራፍ፣ ያልተላከ ደብዳቤ በታተመ ቁጥር የሚነሳ ክርክር ነው። ዛሬ ግን ጥያቄውን ከመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ አንስቼ ወደ አንድ የሙዚቃ አልበም ልወስደው እወዳለሁ። ክርክሩ እንደዚህ አፍጥጦ የወጣበት ሌላ ሥራ አላውቅምና። አልበሙ ያንግ ማርብል ጃየንትስ የተባለው የዌልስ ባንድ «ኮሎሳል ዩዝ» ሲሆን፣ የባንዱ ጥበብ ሁሉ በመተው፣ በመቀነስ፣ ባዶውን ቦታ ባዶ አድርጎ በማቆየት ላይ የቆመ ነበር። ታዲያ በመተው የተሠራን ሥራ በመጨመር ማሳተም ይቻላልን? እኔ ይቻላል ባይ ነኝ። ነገር ግን ጭማሪው ከሥራው ጎን መቆም አለበት፤ ውስጡ መግባት የለበትም። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

* * *

ባንዱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1978 በካርዲፍ ከተማ ነው። ስቱዋርት ሞክሰም ጊታርና ኦርጋን፣ ወንድሙ ፊሊፕ ሞክሰም ቤዝ ጊታር ይጫወታሉ፤ አሊሰን ስታተን ትዘፍናለች። ከበሮ መቺ አልነበራቸውም። የወንድማማቾቹ ዘመድ ፒተር ጆይስ የኤሌክትሮኒክስ ነገር የሚሆንለት ሰው ነበርና፣ እርሱ ከሠራው የከበሮ ማሽን ምቱን በካሴት ቀድተው መድረክ ላይ እያጫወቱ በዚያ ላይ ይጫወቱ ነበር። ስማቸውን የወሰዱት ስለ ጥንታዊ የግሪክ ሐውልቶች ከተጻፈ መጽሐፍ ነው፤ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ወጣቶቹ የእብነ በረድ ግዙፎች» ማለት ይሆናል። የአልበሙም ርዕስ «ግዙፍ ወጣትነት» እንደማለት ነው። ይህን የመሰለ ግዙፍ ስም የተሸከመው ሙዚቃ ግን በሹክሹክታ የሚናገር ነው።

ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ፓንክ የሚባለው የሙዚቃ ዓመፅ እንግሊዝን ከ1976 ጀምሮ ሲያናውጣት ከርሟል። ማንኛውም ወጣት ሦስት የጊታር ኮርድ ካወቀ ባንድ ማቋቋም ይችላል የሚለው እምነት ተስፋፍቷል። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች ውጭ የሚሠሩ ትናንሽ አሳታሚዎች እንደ እንጉዳይ ፈልተዋል፤ ኋላ «ኢንዲ» የሚለው ስም የመጣውም ከዚሁ ነፃነት ነው። ያ ነፃነት ግን በአብዛኛው የተገለጸው በጩኸት ነበር። የካርዲፎቹ ሦስት ወጣቶች ያንኑ ነፃነት ወስደው ዝም ለማለት ተጠቀሙበት። ሁሉም ድምፁን ከፍ በሚያደርግበት አዳራሽ ውስጥ ዝቅ አድርጎ የሚናገረውን ሰው ለመስማት ጎንበስ እንደምንለው፣ እነርሱን ለመስማትም ጎንበስ ማለት ግድ ይላል።

በ1979 «ኢዝ ዘ ዎር ኦቨር?» በተባለ የካርዲፍ ባንዶች ስብስብ ላይ ሁለት ዘፈኖች አወጡ። ያን የሰማው የለንደኑ ራፍ ትሬድ የተባለ ነፃ አሳታሚ አስፈረማቸው። በዌልስ ገጠር በሚገኘው ፎል ስቱዲዮ በአምስት ቀን ቀድተው የጨረሱት አልበም በየካቲት 1980 ወጣ። 15 ዘፈኖች አሉት፤ ሁሉም ተደምረው 40 ደቂቃ አይሞሉም።

እነዚህን ዘፈኖች ላልሰማ ሰው በቃል መግለጽ ያስቸግራል፤ ቢሆንም ልሞክር። የጊታሩ ክር በመዳፍ ስለሚታፈን ድምፁ አይጎተትም፤ ጠብ ብሎ ወዲያው ይደርቃል። ቤዙ በሌሎች ባንዶች እንደለመድነው ከታች ሆኖ አያጅብም፤ ወደ ላይ ወጥቶ ዜማውን ራሱ ይሸከማል። የከበሮው ማሽን በጸጥተኛ ቤት ውስጥ እንዳለ የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ኦርጋኑ አልፎ አልፎ ብቅ ብሎ ይመለሳል። ስታተን ደግሞ ሰው የለም ብላ ጓዳ ውስጥ እንደምታንጎራጉር ሴት፣ ድምፅዋን ሳታስጨንቅ፣ ሳታርገበግብ፣ ስሜቷን በአድማጩ ላይ ሳትጭን ትዘፍናለች። በመካከል የሚቀረው ክፍት ቦታ ነው። ያ ክፍት ቦታ እንደ አንድ መሣሪያ ይቆጠራል ብል ማጋነን አይሆንም። ነገር በሁለት ስንኝ የሚያልቅበትን የቃል ግጥም ለለመደ ጆሮ ይህ ቁጥብነት ባዕድ አይሆንበትም፤ ያልተባለው ከተባለው ጋር አብሮ እንደሚሠራ ከልጅነቱ ያውቃልና።

በዚያው ዓመት በ1980 «ፋይናል ዴይ» የተባለውን ነጠላ ዘፈን አወጡ። ስለ ኑክሌር ጦርነት፣ ስለ ዓለም የመጨረሻ ቀን የሚናገር ነው። ርዕሰ ጉዳዩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት፤ ዘፈኑ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በ1981 ደግሞ «ቴስትካርድ» የተባለ፣ በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበሩ ስድስት አጫጭር ዜማዎችን የያዘ ሸክላ ወጣ፤ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ፕሮግራም በሌለው ሰዓት ያሰማው የነበረውን የማለዳ ሙዚቃ የሚያወድስ ነው። በዚህ ሁሉም አበቃ። ባንዱ ተበተነ፤ አንድ አልበም ብቻ ትቶ።

* * *

አንድ አልበም ብቻ ያለው ባንድ ለዳግም አሳታሚዎች ፈተና ነው። የሚታተመው ትንሽ፣ የሚፈልገው ሕዝብ ደግሞ እያደር የሚበዛ ነው። የኒርቫናው ከርት ኮቤይን ከሚወዳቸው አልበሞች አንዱ «ኮሎሳል ዩዝ» ነበር፤ ሆል የተባለው ባንድ በ1994 ባወጣው «ሊቭ ስሩ ዚስ» ውስጥ ከአልበሙ አንዱን ዘፈን፣ «ክሬዲት ኢን ዘ ስትሬት ዎርልድ»ን፣ በራሱ አጨዋወት ተጫውቶታል። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን ሰምቶ የማያውቅ ትውልድ ይፈልጋቸው ጀመር።

ዳግም እትሞቹም ተከታተሉ። በ1990ዎቹ የቤልጅጉ ክሬፑስኩል አልበሙን ከነጠላ ዘፈኑና ከ«ቴስትካርድ» ጋር በሲዲ አወጣው። በ2000 ወደ ስቱዲዮ ከመግባታቸው በፊት የቀዷቸው የሙከራ ቅጂዎች «ሳላድ ዴይስ» በሚል ርዕስ ለብቻቸው ታተሙ። በ2007 ዶሚኖ የተባለው የለንደን አሳታሚ ያለውን ሁሉ አሰባስቦ «ኮሎሳል ዩዝ እና የተሰበሰቡ ሥራዎች» ብሎ አወጣ፤ አልበሙ በመጀመሪያው ሲዲ ላይ ብቻውን ሆኖ፣ የሙከራ ቅጂዎቹ፣ ነጠላው ዘፈን፣ «ቴስትካርድ»፣ እንዲሁም በ1980 ለቢቢሲው ጆን ፒል ዝግጅት የቀዷቸው አምስት ዘፈኖች በሌሎች ሲዲዎች ላይ ተቀመጡ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ባንዱ ተሰብስቦ በዌልስ ድንበር ላይ በምትገኘው የመጻሕፍት ከተማ በሄይ የሥነ ጽሑፍ ፌስቲቫል ላይ ተጫወተ፤ ለእኛ ለንባብ ወዳጆች ይህች ነገር ደስ ትለናለች። በ2020 ደግሞ ዶሚኖ የ40ኛ ዓመት እትም አወጣ። ከአልበሙ ጎን የተቀመጠው ሁለተኛው ሸክላ ነጠላ ዘፈኖቹንና ቅንጥብጣቢዎቹን የያዘ ሲሆን፣ በ1980 ያቀረቡት የመድረክ ዝግጅትም በምስል ታክሎበታል።

ከ40 ደቂቃ ያነሰ ሥራ በዚህ ዓይነት ብዙ እጥፍ ሆነ።

* * *

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስቀመጥ ይገባል። ዳግም እትም ሁሉ አንድ አይደለም። እኛ በአብዛኛው የምናውቀው ማዳን የሚባለውን ዓይነት ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በአኮርዲዮንና በኪቦርድ የሠራው ካሴት በ2013 በውጭ አገር አሳታሚ ዳግም ሲወጣ፣ በዋሽንግተን ታክሲ ሲያሽከረክር የኖረው ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን እትም ማንም «ለምን?» ብሎ አይጠይቀውም፤ ካሴት ያረጃል፣ ይበጠሳል፣ ይጠፋል። «ኮሎሳል ዩዝ» ግን እየታተመ የሚገኝ ሥራ ነበር። የተስፋፋው እትም ከመጥፋት አያድነውም። ስለዚህ ስለ ራሱ ሊመልስ የሚገባው ጥያቄ አለ።

የተቃዋሚዎቹ መከራከሪያ ጠንካራ ነውና በቅድሚያ እርሱን ልስማ። አልበሙ የሚያበቃው ቃል በሌለው፣ በመርከብ ገመዶች መካከል በሚያልፍ ነፋስ በተሰየመ አጭር ዜማ ነው። ከ14 ዘፈኖች በኋላ ሦስቱ ወጣቶች ያቺን ዜማ አስቀመጡና ዘጉ። የሸክላው መርፌ ይነሳል፤ ክፍሉ ጸጥ ይላል። አልበሙን በሙሉ ስናደምጥ የኖርነው ያ በዘፈኖቹ ውስጥ የነበረ ባዶ ቦታ አሁን ወደ ክፍላችን ይወጣል። ይህ ፍጻሜ የሥራው አካል ነው። አንድ ጥሩ ግጥም ካለቀ በኋላ በገጹ ላይ የሚቀረው ነጭ ወረቀት የግጥሙ አካል እንደሆነው ማለት ነው።

ታዲያ ሲዲ ሲመጣ ምን ሆነ? ሸክላ በአንድ ፊቱ 20 ደቂቃ ያህል ይይዛል፤ የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ ሲዲ 74 ደቂቃ ይይዝ ነበር። የ40 ደቂቃ አልበም በ74 ደቂቃ ሲዲ ላይ ሲቀመጥ ከ30 ደቂቃ በላይ ባዶ ይቀራል። አሳታሚው ያንን ባዶ ቦታ እንደ ብክነት አየው፤ ገዢውም እንደ ጉድለት እንዲያየው ተማረ። «ተጨማሪ ዘፈኖች» የሚለው ሐረግ በየሽፋኑ ላይ የተለጠፈው በዚህ ምክንያት ነው። ጥያቄው «ሥራው ምን ይፈልጋል?» መሆኑ ቀረና «ዕቃው ስንት ይይዛል?» ሆነ። ዛሬ በስልካችን ስናደምጥ ደግሞ ነገሩ ባሰ፤ ዕቃው ወሰን የለውም። 15ኛው ዘፈን አልቆ ትንፋሽ ሳንሰበስብ የሙከራ ቅጂው ይጀምራል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያደምጠው ወጣት የቱ አልበሙ፣ የቱ ረቂቁ እንደሆነ ሳያውቅ ያልፋል። በመተው ለተሠራ ሥራ ከዚህ የከፋ ጉዳት ያለ አይመስለኝም። ዘፈኖቹ አልተነኩም፤ ዝምታው ግን ተወስዷል።

ስለዚህ አንዳንዶች «ረቂቁ በሣጥኑ ይቅር» ይላሉ። ከዚህ በኋላ ግን ከእነርሱ ጋር እለያያለሁ።

* * *

የሙከራ ቅጂዎቹን ያደመጠ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። እንደ ልማዱ ቢሆን የሙከራ ቅጂ እንደ ሕንፃ ንድፍ ነው፤ ስቱዲዮ ሲገባ ግድግዳው ይቆማል፣ ጣሪያው ይመታል፣ ቀለሙ ይቀባል። በካሴት ላይ አንድ ጊታር የነበረው በአልበሙ ላይ አራት ጊታር፣ ቫዮሊንና ዝማሬ ይሆናል። በእነዚህ ወጣቶች ዘንድ ግን በንድፉና በሕንፃው መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ጥቂት ነው። ድምፁ ጠርቷል፤ አጨዋወቱ ጸንቷል። ዘፈኖቹ ግን ያኔም ራቁታቸውን ነበሩ፣ በአልበሙም ራቁታቸውን ናቸው።

ይህ ምን ያስረዳናል? ብዙ ሰው ይህን አልበም መጀመሪያ ሲሰማ «ገንዘብ ስላልነበራቸው ነው፣ ሙያም ስለሚያንሳቸው ነው» ብሎ ይገምታል። ባዶነቱን እንደ ድህነት ይቆጥረዋል። የሙከራ ቅጂዎቹ ይህን ግምት ያፈርሱታል። እነዚህ ሰዎች ድምፅ ላይ ድምፅ መደራረብ የሚቻልበት ስቱዲዮ ተከፍቶላቸው፣ በሩ ላይ ቆመው፣ አልጨመሩም። ከወራት በኋላ ቢቢሲ ሲጋብዛቸውም እንዲሁ አደረጉ። ሦስቱን ቅጂ ጎን ለጎን ያደመጠ ሰው የሚያገኘው ሦስት ጊዜ የተደገመ እምቢታ ነው። አልበሙን ብቻ ስናደምጥ ይህን እምቢታ ልንጠረጥር እንችላለን፤ ማረጋገጥ ግን አንችልም። ጭማሪው የመቀነሱ ምስክር ሆኖ ይቆማል።

«ቴስትካርድ»ም የራሱ ምስክርነት አለው። በእነዚያ ስድስት ዜማዎች ውስጥ ስታተን የለችም። ያው ጊታር፣ ያው ኦርጋን፣ ያው ማሽን አለ፤ ዜማዎቹ ያምራሉ፣ ይጣፍጣሉ። ግን የሚፈራ ነገር የላቸውም። ወደ አልበሙ ስንመለስ ያቺ ምንም የማታደርግ የምትመስል ድምፅ ምን ስትሠራ እንደነበር ይገባናል። ቁጥብነት ብቻውን ውበት ነው፤ ቁጥብነት ውስጥ ሰው ሲቆም ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ይህን የሚያስተምር ተጨማሪ ሲዲ በሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቅር ማለት ለእኔ ስስት ነው።

* * *

የሥነ ጽሑፉ ዓለም ይህን ጉዳይ ከሙዚቃው ቀድሞ ያየው ይመስለኛል። ቲ. ኤስ. ኤልየት «ባድማው ምድር» የምንለውን ግጥሙን በ1922 ከማሳተሙ በፊት ረቂቁን ለወዳጁ ለዕዝራ ፓውንድ ሰጥቶት ነበር። ፓውንድ ያለ ርኅራኄ ሰረዘ፤ ረጃጅም ክፍሎች ወደቁ። ኤልየት ረቂቁን ጆን ኩዊን ለተባለ የኒው ዮርክ ጠበቃ ላከለት። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የት እንደገባ ሳይታወቅ ኖሮ በ1968 በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንዳለ ይፋ ሆነ። በ1971 የገጣሚው ባለቤት ቫለሪ ኤልየት ረቂቁን ከነስርዙ፣ ከነኅዳግ ማስታወሻው፣ በፎቶ ቅጂ አሳተመችው።

እንዴት እንዳሳተመችው አስተውሉ። ስርዙ ስርዝ እንደሆነ ይታያል፤ የማን እጅ የት እንደነካ ተለይቷል፤ ታትሞ የወጣው የ1922ቱ ግጥም በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ለብቻው ተቀምጧል። የወደቁትን ስንኞች ወደ ግጥሙ መልሶ «የተሟላው ባድማ ምድር» ብሎ የሸጠ የለም። ግጥሙን የወደደ አንባቢ ረቂቁን አንብቦ የሚወጣው ለግጥሙ ባለው ፍቅር ላይ አድናቆት ጨምሮ ነው፤ ምን እንደተተወ አይቷልና።

የሬይመንድ ካርቨር ታሪክ ከዚህ የተወሳሰበ ነው። በ1981 የታተመው የአጫጭር ልቦለዶች መድበሉ በአርታዒው በጎርደን ሊሽ እጅ ክፉኛ ተቆርጦ ነበር፤ ዓለም ያደነቀው «የካርቨር ቁጥብነት» በከፊል የአርታዒው መቀስ ሆኖ ተገኘ። ካርቨር በ1988 ካረፈ በኋላ፣ በ2009 ያልተቆረጠው ቅጂ «ቢጊነርስ» በሚል ርዕስ ታተመ። የትኛው ይበልጣል የሚለው ክርክር ዛሬም አላባራም። እኔ የምለው ግን አንድ ነው፤ ሁለተኛው መጽሐፍ የራሱ ርዕስ ይዞ ስለወጣ አንባቢው ሁለቱን አስተያይቶ መፍረድ ችሏል። የ1981ዱን መጽሐፍ ከገበያ አስወጥተው ረጅሙን በስሙ ቢተኩት ኖሮ ፍርዱ ከአንባቢው እጅ በተነጠቀ ነበር።

እኔ እንጀራዬን የምበላው በባንክ ሥራ ነው፤ ግጥም የማታ ነገሬ ነው። ሁለቱ አይገናኙም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። በዚህ ጉዳይ ግን የቀኑ ሥራዬ አንድ ነገር ያስተምረኛል። በየዕለቱ ወደ መዝገብ የሚገባ እያንዳንዱ ቁጥር ከጀርባው ደጋፊ ሰነድ አለው፤ ቫውቸር፣ የገቢ ደረሰኝ፣ ፊርማ ያለበት ማዘዣ። ሰነዱ አይጣልም፤ ተጠርዞ በፋይል ይቀመጣል፤ ኦዲተር ሲመጣ የቁጥሩን እውነተኛነት የሚመሰክረው እርሱ ነው። ሰነዱን መዝገቡ ውስጥ የሚለጥፍ ግን የለም። ሰነዱ የሌለው መዝገብ አይታመንም፤ ሰነዱ የተቀላቀለበት መዝገብ ደግሞ አይነበብም። የግጥም ረቂቄንም የማየው በዚሁ ዓይን ነው። ሃያ ስንኝ ጽፌ ስድስት ሳስቀር፣ የወደቁት አሥራ አራቱ የስድስቱ ደረሰኝ ናቸው። በደብተሩ ይቆያሉ፤ በግጥሙ ግን ቦታ የላቸውም።

* * *

ከዚህ ተነስቼ የዶሚኖን የ2007 እትም እደግፋለሁ። አልበሙን በራሱ ሲዲ ላይ ብቻውን አስቀመጠው። 15ኛው ዘፈን ሲያልቅ ሲዲው ያልቃል። ሌላውን የሚፈልግ ተነስቶ፣ ሲዲውን ቀይሮ፣ አውቆ ይገባል። ያቺ ከወንበር የመነሳት ድካም ትንሽ ትመስላለች፤ በሥራና በረቂቅ መካከል ያለውን ድንበር የምታስከብረው ግን እርሷ ናት። የ2020ው እትምም ቅንጥብጣቢዎቹን በሁለተኛ ሸክላ ላይ ለብቻቸው በማድረግ ያንኑ ድንበር ጠብቋል።

ሁሉንም በአንድ ዕቃ ውስጥ ማጨቅን ግን እቃወማለሁ፤ «ሙሉ» የሚለውንም ቃል እንዲሁ። ያለውን ሁሉ መሰብሰብ አንድ ነገር ነው፤ ሙሉ መሆን ሌላ ነገር ነው። «ኮሎሳል ዩዝ» በየካቲት 1980 ሙሉ ነበር። አሳታሚ ጭማሪ ሲያወጣ እያንዳንዱ ቅጂ መቼ፣ የት፣ በምን ሁኔታ እንደተቀዳ ይጻፍ፤ ከሥራው ይለይ፤ ባለቤቶቹ በሕይወት ካሉ ፈቃዳቸው ይጠየቅ። ይህን ያደረገ አሳታሚ ገንዘባችንን ሁለተኛ ጊዜ ቢቀበለን አይቆጨንም። ይህን ያላደረገ ግን የወደድነውን ሥራ አደብዝዞ መልሶ ይሸጥልናል።

ይህን የምለው ለሙዚቃ ብቻ አይደለም። የገጣሚዎቻችን የተሰበሰቡ ሥራዎች የሚታተሙበት ጊዜ ሲመጣ፣ ከያሉበት የሚገኙ ረቂቆች፣ ያልተጨረሱ ስንኞች፣ ደራሲው ራሱ የጣላቸው ግጥሞች አብረው መምጣታቸው አይቀርም። ይምጡ። ተመራማሪ ይፈልጋቸዋል፤ ጀማሪ ገጣሚ ይማርባቸዋል። ግን በመጽሐፉ ጀርባ፣ በራሳቸው ርዕስ፣ ስማቸው ተነግሮ ይምጡ። ገጣሚው ሰርዞ የተወውን ስንኝ ካጸደቀው ስንኝ ጋር አንድ ረድፍ ላይ ማሰለፍ ለገጣሚው ክብር መስጠት መስሎ የሚታይ፣ ግን የመጨረሻ ፈቃዱን የሚሽር ሥራ ነው። ሥራ ማለት የተጻፈው ሁሉ አይደለም፤ ደራሲው «ይህ ይቁም» ያለው ነው።

ይህን አልበም ሰምታችሁ ለማታውቁ አንባቢዎች አንድ ምክር አለኝ። ዛሬ በየትኛውም መንገድ ልታገኙት ትችላላችሁ፤ ምናልባትም ከነጭማሪው በአንድ ተርታ ተሰልፎ ታገኙታላችሁ። ማታ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ከመጀመሪያው ጀምሩት። 15ኛው ዘፈን ሲያልቅ ማጫወቻውን አጥፉት። ጭማሪው ነገም ይደርሳል።